ኮዱን የሚያነበው የማን ስልክ ነው?

(በካኩማ ካምፕ ከሚገኙት ቤተ መጻሕፍት በአንዱ ለአንባቢያን፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)



ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ሙቀት ታግሣችሁ፣ ከራሽኑ ሰልፍም ከውሃው ወረፋም ጊዜ ቆርሳችሁ ስለ መጣችሁ በቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ስም አመሰግናለሁ። የተሰበሰብነው በመጽሐፎቻችንና በመደርደሪያዎቻችን ላይ ኪው አር ኮድ እንለጥፍ በሚለው ሐሳብ ላይ ለመነጋገር ነው። ሐሳቡ ከተሰማ ወዲህ ሁለት ጥያቄዎች ደርሰውናል። አንደኛው «ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው ምን ይፈይዳል?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በዝግታ የተነገረው፣ «ማን ምን እንደሚያነብ ሊመዘግቡን ይሆን?» የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ስለ ሆኑ ዛሬ የምናገረው በእነርሱ ዙሪያ ነው።

በመጀመሪያ ግን ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንተዋወቅ። ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የሞላበትን ያንን ካሬ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። በሸቀጥ ካርቶን ላይ አለ፣ በድርጅቶች የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም አለ። ስሙ የእንግሊዝኛ ምሕፃረ ቃል ሲሆን «ፈጣን ምላሽ» ማለት ነው። የተፈጠረው ግን ለቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ለመኪና ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ዴንሶ በሚባለው የጃፓን የመኪና ዕቃ አምራች ኩባንያ ውስጥ ማሳሂሮ ሀራ የተባለ መሐንዲስ ሠራው። በዚያን ጊዜ የፋብሪካው ሠራተኞች በአንድ ካርቶን ላይ አሥር ያህል ባርኮድ ማንበብ ነበረባቸው። በብስኩትና በሳሙና መጠቅለያ ላይ የምናየውን የሚመስለው ባለ መስመሩ ባርኮድ ሃያ ያህል ፊደልና ቁጥር ብቻ ስለሚይዝ አንዱ አይበቃም ነበር። ሠራተኞቹ ሰለቻቸው፤ ሌላ መላ እንዲፈለግም ጠየቁ። ሀራ ጃፓኖች «ጎ» በሚሉት፣ ጥቁርና ነጭ ጠጠር በሰሌዳ ላይ እየተደረደረ በሚካሄድ ጨዋታ ላይ ሳለ መረጃን በመስመር ሳይሆን በሰሌዳ ላይ መዘርጋት እንደሚቻል እንደ ታየው ይነገራል።

አስቸጋሪው ነገር መረጃውን በካሬ ውስጥ ማስገባቱ አልነበረም። ማንበቢያው መሣሪያ በብዙ ጽሑፍና ሥዕል መካከል «ኮዱ ይኸው» ብሎ እንዲለየው ማድረጉ ነበር ያስቸገረው። ሀራና አንድ ባልደረባው መጽሔቱን፣ በራሪ ወረቀቱን፣ ካርቶኑን ሁሉ ሰብስበው በታተመ ነገር ላይ ጥቁሩና ነጩ በምን ያህል ስፋት እንደሚፈራረቁ ለኩ። ከሁሉ ይልቅ አልፎ አልፎ የሚገኘው ምጣኔ 1፣ 1፣ 3፣ 1፣ 1 ሆኖ ተገኘ። በሦስቱ ማዕዘኖች የምታዩዋቸው ካሬ በካሬ ውስጥ ያሉ ምልክቶች የተሠሩት በዚህ ልክ ነው። ስልኩ በየትኛውም አቅጣጫ ቢያያቸው ምጣኔው አይለወጥም፤ ወረቀቱ ተዘቅዝቆ ቢለጠፍ እንኳ የሚነበበው ስለዚህ ነው። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ቢይዝም ሰው ሁሉ በነጻ እንዲጠቀምበት ተወው። በመሆኑም ኮድ ለማተም ለማንም አንድ ሽልንግ አንከፍልም፤ የምናወጣው የወረቀትና የቀለም ዋጋ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ጠባይ አለው፤ ለካኩማ አቧራ የተሠራ ይመስላል። ኮዱ ሲሠራ መረጃው ከመጠባበቂያ ጋር ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሪድና ሰለሞን የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት ያወጡት ስሌት ነው የተሠራበት። አራት ደረጃ አለው፤ በዝቅተኛው ደረጃ ከኮዱ 7 በመቶ ያህሉ ቢበላሽ፣ በከፍተኛው ደረጃ 30 በመቶ ያህሉ ቢበላሽ የቀረው የጠፋውን ይተካል። ሆኖም ሦስቱ የማዕዘን ምልክቶች ከተቀደዱ ስልኩ ኮዱን ከመነሻው ስለማያገኘው መጠባበቂያው አይረዳም። ልጆቻችሁ መጽሐፉን ሲይዙ ጥጉን እንዳይልጡ የምንለምናችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልምጣ። በሀብታም አገሮች ቤተ መጻሕፍት ኮዱ የሚለጠፈው ለአንባቢው ስልክ ነው። አንባቢው በመደርደሪያው ጫፍ ላይ ያለውን ኮድ በስልኩ ሲያነብ የመጽሐፍ ዝርዝር፣ ቪዲዮ ወይም በኢንተርኔት የሚነበብ መጽሐፍ ይከፈትለታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ሰዎች ዕቃ መነካካት ሲፈሩ ይህ አሠራር ይበልጥ ተስፋፋ። አሠራሩ ግን በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ስማርት ስልክና ዳታ አለ ብሎ ይነሣል። እኛ ዘንድ ከተሰበሰበው ሰው ብዙው የያዘው ኬንያውያን «ሙሊካ ምዊዚ» እያሉ የሚቀልዱበትን ባለ መብራት ስልክ ነው። ስማርት ስልክ ያለውም ቢሆን ዳታ የሚገዛው በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ያውም ለዘመድ ድምፅ ያስቀመጠውን። ለአንዲት የመጽሐፍ ዝርዝር ያንን አጥፋ ማለት ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ የሌላውን እንዳለ እንዳንገለብጥ ነው። ኮዱን የሚያነበው ስልክ የቤተ መጻሕፍቱ ይሁን። አንድ ስልክ በጠረጴዛችን ላይ ካለ ስልክ የሌለው አንባቢ ስልክ ካለው እኩል ይገለገላል። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት የውሰት መዝገባችንን ላንሣ።

መዝገቡን ያገላበጠ ሰው እንደሚያውቀው አንዱ ሠራተኛ የመጽሐፉን ርዕስ በሙሉ ይጽፋል፣ ሌላው ያሳጥረዋል፣ ሦስተኛው የደራሲውን ስም ብቻ ጽፎ ያልፋል። በዚያ ላይ የፊደላችን ነገር አለ። «ዓለም» በዐይኑ «ዓ» ወይስ በአልፋው «አ»? «ኃይሉ» በየትኛው «ሀ»? አንዱ «ፀሐይ» ሲል ሌላው «ጸሀይ» ይላል። ሰው አንብቦ ይግባባበታል፤ በፊደል ተራ በተደረደረ ዝርዝር ውስጥ ግን አንዱ መጽሐፍ በሁለትና በሦስት ቦታ ይገባል። ውጭ አገር የተዘጋጁ ዝርዝሮች ደግሞ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው ከፊት ስለሚያስቀድሙት ደራሲው በማይታወቅበት ስም ተመዝግቦ እናገኘዋለን። ስለ ሆሄ አጠቃቀም መከራከር ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን መጽሐፍ ለመዋስ የመጣ ሰው እስክንጨርስ ቆሞ መጠበቅ የለበትም። ለእያንዳንዱ ቅጂ አንድ ቁጥር ሰጥተን ቁጥሩን በኮድ ብንለጥፍ ግን ክርክሩ ለሻይ ሰዓት ይቆያል። ሠራተኛው ስልኩን ሲያስጠጋ ቁጥሩ ይነበባል፤ መዝገቡም ያው ቁጥር ይሆናል።

የዓመቱ ቆጠራም እንዲሁ ነው። አሁን እያንዳንዱን መጽሐፍ አውርደን፣ ርዕሱን አንብበን፣ ከደብተሩ ላይ ፈልገን ምልክት እናደርጋለን። ያን ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱ ይዘጋል፤ የፈተና ሰሞን ከሆነ ደግሞ ተማሪዎች ይጎዳሉ። ኮዱ ካለ አንድ ሰው እያገላበጠ፣ ሌላው በስልክ እያነበበ፣ መደርደሪያው ሳይዘጋ ቆጠራው ያልቃል። የጠፋውም መጽሐፍ ቶሎ ይታወቃል፤ ጠፋ ተብሎ የተሰለፈበት ሌላ መደርደሪያ ላይ ተሸጉጦ ከሆነም ይገኛል።

ከእያንዳንዱ ኮድ ሥር ቁጥሩ በእጅ፣ በግልጽ ይጻፋል። ስልኩ ባትሪ ቢጨርስ ወይም ቢበላሽ በደብተርና በእስክሪብቶ ሥራችንን እንቀጥላለን። እዚህ ላይ የማልደራደርበት ነገር ይኸው ነው። መሣሪያው ሲቆም አብሮ የሚቆም አሠራር ለካምፕ አይሆንም።

በኮዱ ውስጥ ምን ይቀመጥ የሚለውም የራሱ ነገር አለው። ብዙ ሰው ኮዱን የኢንተርኔት በር ብቻ አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን ኮዱ በውስጡ ቁጥር ወይም ጽሑፍ ራሱን ሊይዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ለማንበብ ኔትዎርክም ዳታም አያስፈልግም። ትልቁ ኮድ 7,089 አሐዝ ይይዛል። ፊደል ሲሆን ግን ይቀንሳል፤ በእኛ ፊደል ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሠንጠረዥ፣ ዩኒኮድ በሚባለው፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አንድ የላቲን ፊደል በአንድ ባይት ሲቀመጥ አንዱ የእኛ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል። ጃፓኖቹ ኮዱን ሲሠሩ ለራሳቸው ፊደል የተለየ ቦታ ስላበጁለት አንዱን በ13 ቢት፣ ማለትም ከሁለት ባይት ባነሰ፣ ያስገቡታል። ለቤቱ ባለቤት መደብ ቀድሞ ይነጠፍለታል እንደ ማለት ነው፤ አልቀየማቸውም። ስለዚህ 2,953 ባይት የሚይዘው ትልቁ ኮድ የእኛን ፊደል ከ984 በላይ አይወስድም። ያም ቢሆን በየአቅጣጫው 177 ነጠብጣብ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ኮድ በመሆኑ ርካሽ ስልክ አያነበውም።

ከዚህ የምንረዳው አጭር ጽሑፍ ከሆነ በትልቅ ፊደል ግድግዳ ላይ መጻፍ እንደሚሻል ነው። «የጤና መጻሕፍት እዚህ ናቸው» ለማለት ኮድ መለጠፍ ሰውን ማስቸገር ነው። ኮድ የሚገባው ግድግዳ ላይ ሊጻፍ የማይችለው ነገር ላይ ነው፤ ለምሳሌ በድምፅ የተቀዳ ንባብ፣ የሒሳብ ትምህርት ቪዲዮ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መድበል።

ይህ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይቻላል። በመዳፍ ላይ የምትያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ሺህ ገጽ ተጭኖ በአዳራሹ ውስጥ ዋይፋይ እንድትረጭ ማድረግ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኪዊክስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን በሙሉ በዚህ መልክ ያቀርባል። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ወደ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ነው ያለው፤ የእንግሊዝኛው ከስድስት ሚሊዮን በላይ መሆኑን ሳስብ ወጣቶቻችን ገና ብዙ የሚጽፉት እንዳለ ይታየኛል። በግድግዳችን ላይ ሁለት ኮድ ይበቃል። የመጀመሪያው ስልኩን የይለፍ ቃል ሳይጻፍ ከአዳራሹ ዋይፋይ ጋር ያገናኛል፤ ሁለተኛው የመጽሐፍቱን ገጽ ይከፍታል። አንባቢው ከዳታው የሚቀንስበት ነገር የለም። ስልክ የሌለው በጠረጴዛው ላይ ባለው የቤተ መጻሕፍቱ ስልክ ይጠቀማል፤ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም የተቀዳውን ንባብ በዚያው ያዳምጣሉ። ኤሌክትሪኩን በሚመለከት እንዲህ ያለችው ኮምፒዩተር በሶላር ትሠራለች።

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ፣ የመመዝገብን ነገር ልናገር። ይህ ፍርሃት ከየት እንደ መጣ ለመጠየቅ እንግዳ መሆን ያስፈልጋል። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቤቱ የተገኘ ወረቀትና መጽሐፍ ሰውን ለእስርና ለሞት ያበቃበት ጊዜ ነበር። መጽሐፉን ጓሮ የቀበረ፣ በሌሊት በምድጃ ያቃጠለ ቤተሰብ ብዙ ነው። ከእዚያ ወዲህም ቢሆን የተሰደድነው ሁላችን በአንድ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ የሚያነበውን ሌላው ቢያውቅ የማይወድ አለ። ስለዚህ አሠራራችን ከጅምሩ ይህን ማክበር አለበት።

ያቀረብነው እንዲህ ነው። የአንባቢው ካርድ የሚይዘው የቤተ መጻሕፍቱን ተራ ቁጥር ብቻ ነው። የራሽን ካርድ ቁጥርም፣ የስደተኛ መታወቂያ ቁጥርም፣ የጣት አሻራም አንጠይቅም፤ ከእነርሱም ጋር አናገናኝም። መጽሐፉ በአንባቢው እጅ እስካለ ድረስ ቁጥሩና የመጽሐፉ ቁጥር አብረው ይቀመጣሉ፤ ሲመለስ ግንኙነቱ ይሰረዛል። የሚቀረው «ይህ መጽሐፍ በዚህ ዓመት ይህን ያህል ጊዜ ወጣ» የሚል ቆጠራ ብቻ ነው። ይህ ቆጠራ ይበቃናል፤ ለረጂዎች ሪፖርት ስናደርግ ስንት ሰው እንዳነበበ እንጂ ማን እንዳነበበ መንገር የለብንም። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም መረጃ ሲሰበሰብ ለምን እንደሚሰበሰብ ለባለቤቱ እንዲነገርና ከዚያ ዓላማ በላይ እንዳይሰበሰብ ያዛል። ሕጉ የሚጠብቀው ዜጎችን ብቻ ሳይሆን እዚህ የምንኖረውን ስደተኞችም ነው። ነገ አንድ ሰው መጥቶ «ካርዱን ከራሽን ቁጥሩ ጋር ብናያይዘው ሥራ ይቀልላል» ቢለን ሥራው እንደሚቀልል አምነን፣ አይሆንም እንለዋለን።

ሌላ የምሰጋበት ነገር አለ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ውጭም ስለሚያጋጥማችሁ ሰፋ አድርጌ ልናገረው። ቀድሞ በየገጠሩ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ማንበብ ካልቻለ ፊደል ወደ ቆጠረ ጎረቤት ይወስደው ነበር። አንባቢው የሌለ ነገር ቢጨምርበት ባለ ደብዳቤው በምን ያውቃል? በዚህ ኮድ ፊት ሁላችንም፣ ዲግሪ ያለን ጭምር፣ እንደዚያ ባለ ደብዳቤ ነን። በዓይን አይቶ ምን እንደሚል የሚያውቅ የለም። አታላዮችም ይህን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በአሜሪካ ቴክሳስ፣ በኦስቲን ከተማ፣ በመኪና ማቆሚያ ክፍያ መሣሪያዎች ላይ ሐሰተኛ ኮድ ተለጥፎ ተገኝቷል። ሰዎች ለከተማው የከፈሉ እየመሰላቸው ገንዘባቸውንና የካርዳቸውን ቁጥር ለሌባ ይሰጡ ዘንድ የተዘጋጀ ነበር።

እኛ የመኪና ማቆሚያ የለንም፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ ግን አለን። «ፕሮሰስ» የምንለውን የሦስተኛ አገር ሠፈራ ተስፋ አድርጎ ዓመታት የጠበቀ ሰው ባለበት ቦታ «ስምህን ለማየት ይህን አንብብ» የሚል ወረቀት ማን አይቶ ያልፋል? ስለዚህ ልብ በሉ። ስልካችሁን ኮዱ ላይ ስታነጣጥሩ አብዛኛው ስልክ ከመክፈቱ በፊት አድራሻውን ያሳያል። አድራሻውን ሳታነቡ አትንኩት፤ እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ወደዚህ አምጡት፣ አብረን እናነበዋለን። ወረቀቱን በጣታችሁ ዳስሱት፤ በአንዱ ኮድ ላይ ሌላ ከተለጠፈበት ጠርዙ ይታወቃል። የቤተ መጻሕፍቱ ኮድ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ ኤም ፔሳ ከቶ አይጠይቅም። የዩ ኤን ኤች ሲ አር አገልግሎት ሁሉ፣ ሠፈራውም ጭምር፣ በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ኮድ ቢያጋጥማችሁ ሐሰተኛ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያሻችሁም።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ክርክር መመለስ አለብኝ። አንድ አባት «ለኮዱ ከምትደክሙ መጽሐፍ አታስመጡም?» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ኮድ መንገድ ጠቋሚ ነው እንጂ መጽሐፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በጋሪሳ መኪና ወደማይደርስባቸው አርብቶ አደሮች ሲሄድ በግመል የጫነው መጽሐፍ ነበር፤ የመጽሐፍ ዝርዝር አልነበረም። «ኮድ ስላላችሁ የታተመ መጽሐፍ አንልክም» የሚል ረጂ ቢመጣ ኮዱን ነቅለን መጽሐፉን ብንጠይቅ እመርጣለሁ። የአማርኛ መደርደሪያችንን ታውቁታላችሁ፤ ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ መጨረሻ ገጻቸው የጎደለ፣ ባለታሪኩ ይሙት ይዳን ሳይታወቅ የቀሩ አሉ። ቆጠራው አንድ የሚጠቅመን ለዚህም ነው። የትኛው መጽሐፍ ስንት ጊዜ እንደ ወጣና በምን ያህል ፍጥነት እንዳለቀ በቁጥር ማሳየት ከቻልን «ሁለተኛ ቅጂ ላኩልን» ስንል የሚሰማን እናገኛለን።

ሥራውን የምንጀምረውም ከዚያው ከአማርኛው መደርደሪያ ነው። ኮዱ በጎን ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከሃያ ሴንቲ ሜትር ርቀት ይነበባል። በዙሪያው ነጭ ቦታ ካልተተወለት ስልኩ ስለማይለየው ጠርዙን አስጠግተን አንቆርጠውም። በላብ የሚለቅ ቀለም ስለማይሆን በሌዘር ማተሚያ ይታተማል። የምንለጥፈው ከኋላው ሽፋን በውስጥ በኩል ነው፤ ፀሐይም እጅም ብዙ አይደርስበትም። የሚያብረቀርቅ ፕላስተር ከላይ አንለጥፍም፤ ብርሃን ሲመልስ ስልኩን ያሳውረዋል።

የሚያስፈልገን ሰው ነው። የእጅ ጽሑፉ ያማረ ሁለት ሦስት ሰው ቁጥሮቹን ከኮዱ ሥር እንዲጽፍልን፣ መጽሐፍ መጠገን የሚችል ሰው ሙጫውን ይዞ እንዲቀመጥ እንፈልጋለን። የተዋሳችሁት መጽሐፍ ቤታችሁ ካለ፣ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን፣ በዚህ ሳምንት መልሱልን፤ ቁጥር ሳይሰጠው እንዳይቀር ነው እንጂ የምንጠይቀው ቅጣት የለም። ስም መስጠት የምትፈልጉ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ደብተር አለ። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ፤ ከወደ ኋላ ከተቀመጡት እናቶች እንጀምር።